የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ወደብ ላይ እንዴት ይሞከራል? ለአንድ የሎንግ ቢች ሹፌር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ኮንቴነር እጎትታለሁ። መኪናዋ የራሴ ናት፤ የ2015 ናፍጣ። የምሠራለት ድርጅት አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ለሦስት ወር በሙከራ እንድነዳለት ጠይቆኛል። ባትሪው 438 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሻጩ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ 230 ማይል ይሄዳል ይላል። ይህ ሙከራ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ውጤቱን ልመነው? ሲያልቅስ የራሴን ሸጬ ልግዛው? ወንድሜ ደግሞ አገር ቤት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ያሠራል። ለእሱስ ይሆነዋል?»

ሰላም ወንድሜ። እኔ የምተዳደረው የከባድ መኪናዎችን ጭስና የኃይል ፍጆታ በመለካት ነው። ከወደብ ሹፌሮች ጋር ጋቢና ውስጥ ብዙ ቀን አሳልፌያለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎ ልቤ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሙከራውን ይግቡበት። መኪናውን ግን ሦስት ወሩ ሳያልቅና ውጤቱን በእጅዎ ሳይዙ አይግዙ። 230 ማይል የሚለው ቁጥር ውሸት ላይሆን ይችላል። ለእርስዎ ሥራ ግን አልተጻፈም። ሙከራ የሚታመነው፣ የተሞከረበት ሥራ የእርስዎን ሥራ በመሰለው ልክ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሳ ነው።

የወደብ ሥራን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ግን ትንሽ ልበል። ጠዋት ተርሚናሉ በር ላይ ወረፋ አለ። መኪናው አሥር ሜትር ይሄዳል፣ ይቆማል። እንደገና አሥር ሜትር። ከገቡ በኋላ ኮንቴነሩን የሚጭነው ክሬን እስኪደርስ ሌላ ወረፋ ይጠብቃል። ሻንሲ፣ ማለትም ኮንቴነሩ የሚቀመጥበትን ባለ ጎማ ተጎታች፣ መፈለግ ደግሞ ለብቻው ጊዜ ይበላል። ከዚያ አንዱ ጉዞ አምስት ማይል ርቆ ወዳለው የባቡር ጣቢያ ይሆናል። ሌላው በ710 አውራ ጎዳና ወጥቶ መጋዘኖች ወዳሉባቸው የካሊፎርኒያ ከተሞች፣ ኦንታሪዮ ወይም ፎንታና ድረስ ይሄዳል፤ ያ ወደ 60 ማይል ገደማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 60 ማይል ሸምጥጦ የሚሄድ አገር አቋራጭ መኪና ከዚህ ሥራ ጋር ምንም አይገናኝም።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅመናል? መጀመሪያ በራስዎ ናፍጣ ልጀምር። ምክንያቱም ስለ ሙከራ ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከናፍጣ ነው።

መኪናዎ ጭስ መውጫው ላይ ካታሊስት የሚባል ጭሱን የሚያጸዳ ክፍል አለው። ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ ይረጭበታል። ያ ፈሳሽ ካታሊስቱ ውስጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ ወደ ተራ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ ይለውጠዋል። ለእርስዎ ሞተር ዓይነት የተቀመጠው የአሜሪካ ደረጃ በአንድ የፈረስ ጉልበት ሰዓት 0.20 ግራም ነው። ሞተሩ ላቦራቶሪ ገብቶ ይህን ፈተና አልፏል። ነገር ግን ካታሊስቱ በደንብ የሚሠራው ሲግል ነው፤ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ። አውራ ጎዳና ላይ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያገኘዋል። ወረፋ ላይ ሞተሩ ጭነት የለበትም። ጭሱ ቀዝቃዛ ነው። ካታሊስቱም ይቀዘቅዛል፤ ዩሪያው መረጨቱን ያቆማል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ንጹሕ የሆነው መኪና ተርሚናል በር ላይ ከደረጃው ብዙ እጥፍ ሲያወጣ ይለካል። ማጭበርበር አይደለም። ፈተናው ወረፋን አልጠየቀውም፤ መኪናውም አልመለሰም።

የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ይህን ክፍተት አይቶ በ2020 ባጸደቀው ደንብ ዝቅተኛ ጭነት ላይ የሚደረግ አዲስ ፈተና ጨመረ። ጥሩ ነው። ግን እስኪጨመር ድረስ ስንት ዓመት አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ያወጀው በ2012 ነው። ያንን ጭስ መጀመሪያ የሚተነፍሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን። መስኮቱን ከፍቶ ወረፋ ላይ የተቀመጠው ሹፌር ነው። ቀጥሎ ወደቡ አጠገብ ዊልሚንግተንና ምዕራብ ሎንግ ቢች በሚባሉት ሰፈሮች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እኔ ይህን ሥራ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሙከራው። የወደብ መኪና በሁለት መንገድ ይሞከራል። አንደኛው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። መኪናው የነጂ ጎማዎቹ በሚሽከረከር ትልቅ ብረት በርሜል ላይ ሆነው ይታሰራል። ሹፌሩ ስክሪን ላይ የሚታየውን ፍጥነት እየተከተለ ይነዳል። መኪናው ቆሞ ጎማው ይሮጣል። በርሜሉ የ30 ቶን ጭነት እንደሚጎትት ሆኖ ይይዘዋል። ጭሱ ወይም የባትሪው ፍጆታ በየሰከንዱ ይመዘገባል። ለሎስ አንጀለስና ለሎንግ ቢች ወደቦች ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ የፍጥነት ዑደት፣ ማለትም ሹፌሩ ስክሪኑ ላይ የሚከተለው የፍጥነት ቅደም ተከተል፣ አለ። ከእውነተኛ የወደብ መኪናዎች ጉዞ የተቀዳ ነው። ሦስት ዓይነት ጉዞ ይለያል። ከ2 እስከ 6 ማይል የሆነ የቅርብ ጉዞ፣ ከ6 እስከ 20 ማይል የአካባቢ ጉዞ፣ ከ20 ማይል በላይ ደግሞ የሩቅ ጉዞ። በሦስቱም ውስጥ መንፏቀቁ፣ መቆሙና መነሳቱ አለበት። ሻጩ ቁጥር ሲነግርዎት «በየትኛው ዑደት ነው የተለካው?» ብለው ይጠይቁት። ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይገልጣል።

ሁለተኛው መንገድ እርስዎ የተጋበዙበት ነው። መኪናው እውነተኛ ሥራ ላይ ይሰማራል፤ መረጃ መዝጋቢ ይገጠምለታል። መዝጋቢው የት እንደነበረ፣ በምን ፍጥነት እንደሄደ፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደበላ፣ ቁልቁለት ላይ ስንት እንደመለሰ፣ ስንት ሰዓት እንደቆመ ይጽፋል። ላቦራቶሪው መኪናን ከመኪና ለማወዳደር ጥሩ ነው፤ ሁሉም እኩል ይፈተናል። እውነቱን የሚናገረው ግን መንገዱ ነው።

መንገዱም ቢሆን ሊዋሽ ይችላል። አንድ ያጋጠመኝን ልንገርዎት። የሦስት ወር ሙከራ ውጤት ተሰጥቶኝ ሳገላብጥ ቁጥሩ በጣም ያማረ ሆነብኝ። ፍጆታው ዝቅተኛ፣ ብልሽት የለ፣ አንድም ቀን ባትሪ አላለቀም። ከዚያ የጭነት ወረቀቶቹን አየሁ። ዲስፓቸሩ፣ ማለትም ሥራ አከፋፋዩ፣ ለዚያ መኪና ቀላል ቀላሉን ሥራ ብቻ እየሰጠ ነበር። ባዶ ኮንቴነር መመለስ፣ አጭር ጉዞ፣ ቀላል ዕቃ። በክፋት አላደረገውም። መኪናው መንገድ ላይ እንዳይቆምበት ፈርቶ ነው። ውጤቱ ግን ማንንም የማይጠቅም ሆነ። ሹፌሩም እንደዚሁ ፈርቶ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ይመለስ ነበር። የተለካው መኪናው አልነበረም፤ የሁለት ሰዎች ሥጋት ነበር።

ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ድርጅቱን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ መዝጋቢው አስቀድሞ በራስዎ ናፍጣ ላይ ለሁለት ሳምንት ይገጠም። ይህ ካልተደረገ የሚወዳደርበት መነሻ የለም። ሁለተኛ፣ ሥራው በተራ ይሰጥ። የሚመጣውን ጭነት ሁሉ፣ ከባዱንም ሩቁንም፣ የኤሌክትሪኩ መኪና እንደ ሌሎቹ ይውሰድ። በሙከራ ጊዜ የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ የከፋው ቀን ነው። ነሐሴ ላይ፣ ከባድ ኮንቴነር፣ ረጅም ጉዞ፣ ረጅም ወረፋ። ያንን ቀን የቻለ መኪና ሌላውን ይችላል።

የቀድሞዎቹ ሙከራዎች ታሪክም ይህንኑ ነው የሚያስተምረን። ሁለቱ ወደቦች የጋራ የአየር ማጽጃ ዕቅዳቸውን ያወጡት በ2006 ነው። በጥቅምት 2008 ከ1989 በፊት የተሠሩ መኪናዎችን ከበር መለሱ። በ2012 መጀመሪያ ደግሞ የ2007ን የሞተር ደረጃ የማያሟላ ሁሉ ቀረ። ከመኪና የሚወጣው የናፍጣ ጥላሸት ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ ሊናቅ አይገባም።

በዚያው ሰሞን በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ መኪናዎች በብዛት ገቡ። ብዙዎቹ 8.9 ሊትር የሆነ፣ 320 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበራቸው። ጭሳቸው ፈተናውን በሚገባ አልፏል። ሹፌሩ ግን ሙሉ ጭነት ይዞ የወደቡ ድልድይ ዳገት ላይ ሲደርስ መኪናው ይለግምበታል። ከባድ ዕቃ ላይ አቅም አነሰው። ወደ 12 ሊትር የሚጠጋና 400 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የመጣው በ2013 ነው። የጭስ ፈተና ዳገትን አይጠይቅም። ሹፌሮቹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ያውቁት ነበር። ቀድሞ የጠየቃቸው ቢኖር ብዙ ሰው ከኪሳራ ይድን ነበር።

የኤሌክትሪኩም ነገር አዲስ አይደለም። የሎስ አንጀለስ ወደብና የአካባቢው የአየር ጥራት ባለሥልጣን በ2008 ባልኮን የተባለ ድርጅት የሠራውን የኤሌክትሪክ መኪና አስሞክረዋል። ከባድ ኮንቴነር ይጎትታል፤ ግን ጭነት ይዞ ወደ 30 ማይል ነበር የሚሄደው። ለወደብ ግቢና ለቅርብ ጉዞ እንጂ ለኦንታሪዮ አይሆንም። በ2017 ካርሰን ከተማ አላሜዳ ጎዳና ላይ ሲመንስ እንደ ከተማ ባቡር በላይ የተዘረጋ ሽቦ ተክሎ መኪናዎች እየሄዱ ኃይል እንዲወስዱ ሞከረ። አንድ ማይል ብቻ ነበር። ይሠራል፤ ግን ሽቦውን በየመንገዱ ማን ይዘረጋል? በዚያው ዓመት ቶዮታ በሃይድሮጅን የሚሠራ ከባድ መኪና ወደቡ ላይ አሰማራ። ከቤት መኪናው የወሰዳቸውን፣ ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሁለት ሴሎች አንድ ላይ አጣምሮ ከ200 ማይል በላይ አስኬደው። ቀጥሎ ከከባድ መኪና አምራቹ ኬንዎርዝ ጋር ሆኖ 10 መኪና ሠራ። ከ2019 እስከ 2022 ድረስ ደግሞ ቮልቮ ባትሪ መኪናዎቹን በደቡብ ካሊፎርኒያ አሰማርቶ ሞክሯል። እዚያ ትልቁ ራስ ምታት መኪናው አልነበረም። ቻርጀር ማስተከልና ፈቃድ ማውጣት ነበር።

ሃይድሮጅንን በአንድ አንቀጽ ልለፈው። መሙላቱ ፈጣን ነው፤ ክብደቱም ከባትሪው ይቀላል። ነዳጁ ግን ውድ ነው፤ ጣቢያውም ጥቂት ነው። ኒኮላ የተባለው የመኪና አምራች በየካቲት 2025 ኪሳራ አውጇል። መኪናዎቹን የገዙ ሰዎች ያለ ጥገናና ያለ ነዳጅ ምንጭ ተቸገሩ። ለአንድ ባለ መኪና ሹፌር አሁን አልመክረውም።

ወደ እርስዎ መኪና እንምጣና ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ባትሪው 438 ኪሎዋት ሰዓት ነው ብለዋል። ሁሉንም ግን አይጠቀሙበትም። እስከ ጥግ አይሞላም፤ እስከ ዜሮም አያወርዱትም። ለጥንቃቄ 80 በመቶውን እንያዝ፤ ወደ 350 ይሆናል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና በአንድ ማይል ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 350 ሲካፈል ለ2፣ 175 ማይል። ኦንታሪዮ ደርሶ መልስ 120 ማይል አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ የኦንታሪዮ ጉዞና ሁለት የቅርብ ጉዞ በቀን ይቻላል። ሁለት ጊዜ ኦንታሪዮ፣ መሃል ላይ ቻርጅ ሳይደረግ፣ አይቻልም። ሥራዎ በየቀኑ ሁለቴ ኦንታሪዮ ከሆነ ውሳኔው እዚሁ አለቀ ማለት ነው። አብዛኛውን ቀን የቅርብ ሥራ ከሆነ ግን ይህ መኪና ይበቃዎታል።

ወረፋው ላይ ደግሞ የኤሌክትሪኩ መኪና ያስደንቃል። ናፍጣ ቆሞ ሲጉረመርም በሰዓት ወደ 0.8 ጋሎን ያቃጥላል። አራት ሰዓት ከቆመ ከሦስት ጋሎን በላይ ሄደ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቆም ሞተሩም ይቆማል። ኤሲውና መብራቱ በሰዓት 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢበሉ እንኳ በአራት ሰዓት 12 ነው። ያ ስድስት ማይል ብቻ ነው። ጭስ የለም፤ ንዝረት የለም። ሹፌሮች ከሙከራ በኋላ መጀመሪያ የሚነግሩኝ ስለ ማይል አይደለም። ማታ ቤት ሲገቡ ራሳቸውን እንደማያማቸው ነው። ጆሯቸው እንደማይጮህ። እኔ ይህንንም ውጤት ብዬ እጽፈዋለሁ።

ክብደቱን ግን ይጠንቀቁ። የኤሌክትሪኩ መኪና ራሱ ከናፍጣው በብዙ ሺህ ፓውንድ ይከብዳል። ጠቅላላ የሚፈቀደው 80 ሺህ ፓውንድ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና 2 ሺህ ፓውንድ ይጨመርለታል። ጭማሪው ልዩነቱን አይሸፍነውም። ስለዚህ አንዳንድ ከባድ ኮንቴነሮችን መሳብ አይችሉም። ያለፉትን ስድስት ወራት የጭነት ወረቀት አውጥተው ስንቱ በዚህ ምክንያት ይቀርብዎት እንደነበር ይቁጠሩ። አንድ ማታ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከሻጩ ንግግር ሁሉ ይበልጣል።

የባትሪ መሙያው ጉዳይ ለባለ መኪና ሹፌር ዋናው ነገር ነው። ትልቅ ድርጅት ግቢ አለው፤ ቻርጀር ይተክላል። እርስዎ መኪናዎን ማታ የት ነው የሚያቆሙት? የተከራዩት ግቢ ቻርጀር ከሌለው በየቀኑ ሌላ ቦታ ሄደው መጠበቅ አለብዎት። 350 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት 150 ኪሎዋት በሚሰጥ ቻርጀር ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ያ ሰዓት ደሞዝ የለውም። ሎንግ ቢች ወደብ ውስጥ በ2023 ለከባድ መኪና የሚሆን ለሁሉም ክፍት የሆነ ጣቢያ ተከፍቷል፤ ሌሎችም እየተከተሉ ነው። በሙከራው ጊዜ ማስታወሻ ደብተር ይያዙ። በየቀኑ ቻርጀር ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደጠበቁ፣ ስንት ጊዜ ተበላሽቶ እንዳገኙት፣ ለኪሎዋት ሰዓቱ ስንት እንደከፈሉ ይጻፉ። መረጃ መዝጋቢው ይህን አይጽፍልዎትም። ከሦስት ወር በኋላ ይህ ደብተር ከእኔ መሣሪያ በላይ ዋጋ ይኖረዋል።

ሦስት ወር የማይነግርዎት ነገርም አለ። ባትሪው በአምስተኛው ዓመት ስንት ማይል እንደሚሄድ አያሳይም። ስለዚህ ዋስትናው ላይ ስንት ዓመት፣ ስንት ማይል፣ አቅሙ ከስንት በመቶ በታች ቢወርድ እንደሚቀየር በጽሑፍ ይጠይቁ። መኪናው ሲበላሽ በስንት ቀን እንደሚጠገንና እስከዚያ ምትክ ይሰጡ እንደሆነም ይጠይቁ።

የመግዛቱን ነገር ስመልስ ልቤ የሚፈራው ያለፈው እንዳይደገም ነው። በ2008ቱ ለውጥ ወጪውን የተሸከሙት በአብዛኛው ሹፌሮች ናቸው። የሎስ አንጀለስ ወደብ ኩባንያዎች ሹፌሮቻቸውን ቀጥረው መኪናውን ራሳቸው እንዲይዙ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2011 አፈረሰው። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሹፌር አዲስ መኪና በኪራይ ግዢ ወሰደ፤ ክፍያው ከሳምንት ገቢው እየተቆረጠ ባዶ እጁን ቤቱ የገባ አለ። በሲያትልና በታኮማ ወደቦች የሚሠሩ ብዙ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ ልጆችም አሮጌ መኪና ሲከለከል ይህንኑ ቀንበር ቀምሰዋል። አየሩን ማጽዳት የሁሉም ጥቅም ነው። ዕዳው ግን የአንድ ሰው መሆን የለበትም።

አዲስ የኤሌክትሪክ ጎታች መኪና ብዙ ጊዜ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የናፍጣው ዋጋ ግማሹንም አይደርስ። የፌዴራል የ12 በመቶ የከባድ መኪና ታክስ በዋጋው ላይ ስለሚሰላ በ400 ሺህ ላይ 48 ሺህ ይጨምራል። ካሊፎርኒያ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ የሚችል የቅናሽ ቫውቸር አላት። ቫውቸሩ የሚጠየቀው በሻጩ በኩል ከግዢው በፊት ነው፤ ከገዙ በኋላ አይሠራም። እስከ 40 ሺህ ዶላር የሚደርሰው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ ግን በመስከረም 30 ቀን 2025 አብቅቷል። ሻጩ አሁንም እሱን ደምሮ ሒሳብ ካሳየዎት ወረቀቱን ይመልሱለት።

«ሕጉ ያስገድደኛል» ብለው እንዳይቸኩሉም። ካሊፎርኒያ በ2023 ያጸደቀችው ደንብ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ወደብ ሥራ የሚመዘገብ አዲስ መኪና ሁሉ ጭስ አልባ እንዲሆን ይል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገውን የፌዴራል ፈቃድ ጥያቄ ግን ግዛቲቱ በጥር 2025 ራሷ ሳበችው። የሁለቱ ወደቦች የራሳቸው ግብ፣ በ2035 የወደብ መኪና ሁሉ ጭስ አልባ ይሁን የሚለው፣ አሁንም አለ። ከሚያዝያ 2022 ጀምሮም በየ20 ጫማ ኮንቴነር ልክ 10 ዶላር ያስከፍላሉ፤ ለ40 ጫማው 20 ዶላር ማለት ነው። ክፍያው የዕቃው ባለቤት ላይ ነው፤ ገንዘቡ ለንጹሕ መኪና ድጋፍ ይውላል። አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ጊዜ ግን አለዎት።

ስለዚህ ከሙከራው በኋላ ቁጥሩ ቢያምርም መጀመሪያ ኪራይን ያስቡ። መኪናውንና ቻርጅ ማድረጊያውን አንድ ላይ በወር ክፍያ የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። የባትሪው አደጋ የእነሱ ይሆናል። የ2015ቷን ናፍጣ ቢያንስ ስድስት ወር አይሽጧት። አንድ ቀን እንኳ መኪናው ሲቆም ወደ እሷ ይመለሳሉ።

የወንድምዎ ነገር ሌላ ሒሳብ ነው። የሎንግ ቢች ውጤት ጅቡቲ ላይ አይሠራም። እዚህ መንገዱ ከድልድዮቹ በቀር ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ መኪናው ከባሕር ጠለል ተነስቶ ሞጆ ሲደርስ 1,800 ሜትር ገደማ ይወጣል። ደግሞ ከባዱ ጭነት ወደ ላይ ነው የሚመጣው፤ ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ወይም ባዶ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ይህ የተገለበጠ ነው። ቁልቁለት ላይ ኃይል መልሶ የሚሰበስበው ከባድ ሆኖ ሲወርድ ነዋ። ጠቅላላ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ 800 ኪሎሜትር የሚሆነውን መንገድ ጨምሩበት፤ ሌላ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት። አንድ ላይ 1,200 ማለት ነው። የእርስዎን ዓይነት ባትሪ ከሦስት ጊዜ በላይ መሙላት ይጠይቃል፤ ያውም በአፋር ሙቀት፣ ለከባድ መኪና የሚበቃ ቻርጀር መንገድ ላይ በሌለበት። ያንን ረጅም ጉዞ ከመኪናው ይልቅ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው 752 ኪሎሜትር የኤሌክትሪክ ባቡር ይሻለዋል።

ግን አንድ ቦታ ይታየኛል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ አዲስ አበባ መጋዘኖች ያለው ጉዞ። 70 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታውም ወደ 500 ሜትር። በእኔ ስሌት 40 ቶን ይዞ ለመውጣት 150 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃል። ባዶውን ሲመለስ ቁልቁለት ስለሆነ በጣም ትንሽ ይበላል። ይህ ከሎንግ ቢች ኦንታሪዮ ሥራ ጋር በደንብ ይመሳሰላል፤ ኤሌክትሪኩም በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው። ወንድምዎ ለዚህ መስመር የሚሆን መኪና ሲያይ ሻጩ መኪናውን ሙሉ ጭነት ጭኖ ከሞጆ አዲስ አበባ አንድ ጊዜ በዝናብ፣ አንድ ጊዜ በፀሐይ ይንዳለት። ወንድምዎም መኪናው ሲነሳና ሲደርስ የባትሪውን መጠን ፎቶ ያንሳ። እርስዎም የሁለቱን ሳምንት የናፍጣ መዝገብ ሲያገኙ ይላኩልኝ፤ ሒሳቡን አብረን እናየዋለን።